ቀለም የማይጨርሰው ሥራ፦ የፋብሪካ ቧንቧዎች ምልክት ታሪክ

ከውጭ ለሚያየው ሰው የብረት ቧንቧ ሁሉ አንድ ነው። በውስጡ የሚያልፈው የሚጠጣ ውኃ ይሁን ቆዳ የሚልጥ አሲድ፣ የታመቀ አየር ይሁን በአንዲት ብልጭታ የሚነድ ጋዝ፣ ብረቱ የሚሰጠው ፍንጭ የለም። አንድ ቦይለርና ጥቂት ማሽኖች ብቻ በነበሩበት የጥንቱ ወርክሾፕ ይህ ብዙም አያስቸግርም ነበር፤ ቧንቧዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ የዘረጋቸውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ይገኝ ነበር። የኬሚካል፣ የነዳጅ ማጣሪያና የስኳር ፋብሪካዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እየሰፉ ሲሄዱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጠላለፉት ቧንቧዎች ከዐይንም ከአእምሮም በላይ ሆኑ። የትኛው ቫልቭ የትኛውን ፈሳሽ እንደሚዘጋ አጥርቶ የሚያውቀው ሰውም እያነሰ ሄደ። ለዚህ ችግር ቀድሞ የመጣው መፍትሔ ቀለም ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ጥቅሙን የሚክድ የለም። ሆኖም ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪክ በቅጡ ከተነበበ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፦ ቀለም የሚታመነው ከጎኑ የተጻፈ ስም፣ ከሥሩም ለሌላ ነገር የማይገጥም መጋጠሚያ ሲኖር ነው። ብቻውን የተተወ ቀለም ሰው ሳያውቅ ያወቀ እንዲመስለው ያደርጋል።

በ1920ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ፋብሪካዎች የገጠማቸው ችግር የቀለም እጥረት አልነበረም፤ የቀለም ብዛት ነበር። እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ፈቃድ ይቀባል፤ በአንዱ ግቢ ውኃን የሚያመለክተው ቀለም በጎረቤቱ ግቢ ሌላ ነገር ይሆናል። ሥራ የቀየረ ሠራተኛ የተማረውን ረስቶ እንደገና መማር ነበረበት፤ ያልረሳ ደግሞ ይሳሳታል። ይህን ዝብርቅርቅ ለማጥራት በ1922 የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርና ብሔራዊ የደኅንነት ምክር ቤት በጋራ የሚደግፉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሥራው ውጤትም በ1928 እንደ አገር አቀፍ ደረጃ ጸደቀ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ፈሳሽ አንድ አንድ ቀለም ማከፋፈሉን ትቶ ቧንቧዎቹን በአምስት ምድብ ከፈላቸው። ለእሳት መከላከያ ቀይ፣ ለአደገኛ ነገሮች ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ ጉዳት ለሌላቸው አረንጓዴ ወይም እንደ ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ያሉ ቀለሞች፣ አደጋን ለመቀነስ ተብለው ለሚዘረጉ መከላከያ ነገሮች ሰማያዊ፣ በጣም ውድ ለሆኑት ደግሞ ሐምራዊ ተሰጠ። ይህ ምርጫ በጥልቅ የታሰበበት ነበር። የኬሚካሎች ብዛት ማብቂያ የለውም፤ ሰው በደብዛዛ ብርሃን፣ በችኮላና በአቧራ መካከል ሳያመነታ የሚለያቸው ቀለሞች ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደረጃ አውጪዎች ገና ከጅምሩ ቀለምን «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላደረጉትም። «ምን ያህል ልጠንቀቅ?» ለሚለው መልስ አደረጉት።

ጀርመኖችና እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ። በጀርመኑ ዲን 2403ም ሆነ በእንግሊዙ ቢኤስ 1710 ደረጃ ቀለሙ የሚነግረን በቧንቧው ውስጥ ያለው ነገር ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ነው፦ ውኃ፣ እንፋሎት፣ አየር፣ ጋዝ፣ አሲድ፣ ዘይት። ይህም የራሱ አመክንዮ አለው፤ የጥገና ሠራተኛ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሚፈስ ነውና። ሁለቱ አገሮች በውኃ ላይ ተስማምተው አረንጓዴ አሉት። በእንፋሎት ላይ ግን ተለያዩ፤ በእንግሊዝ ብርማ ግራጫ፣ በጀርመን ቀይ ሆነ። አሜሪካዊ ሠራተኛ ቀይ ቧንቧ ሲያይ የእሳት ማጥፊያ ውኃ ይጠብቃል፤ ያው ቀይ በጀርመን ቦይለር ቤት ውስጥ ሥጋ የሚቀቅል እንፋሎት ነው። አየር በእንግሊዝ ቀላል ሰማያዊ ሲሆን በጀርመን ግራጫ ነው፤ በጀርመን ሰማያዊው ለኦክስጅን ተይዟል። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ትርጉም ይገለበጣል። በ1928ቱ የአሜሪካ ምደባ ሐምራዊ የውድ ነገር ምልክት ነበር፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ በተስፋፋው ልማድ ሐምራዊ ቧንቧ ታክሞ ለመስኖ የሚውል የፍሳሽ ውኃ፣ ማለትም የማይጠጣ ውኃ ምልክት ሆነ። በቀለሙ ውስጥ በተፈጥሮ የተቀመጠ ትርጉም ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ቀይ ከደምና ከእሳት ጋር ስለሚያያዝ ሰው ሁሉ ይረዳዋል የሚለው ክርክር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀይ አደጋ መሆኑን ሁሉም ቢስማማ እንኳ የትኛው አደጋ እንደሆነ ሳይስማሙ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ለቀለም የሚከራከር ሰው ጠንካራ ማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል፤ ማስረጃውም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በጦርነቱ ዓመታት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽን አይተው የማያውቁ ወንዶችንና ሴቶችን በገፍ ቀጠሩ። እነዚህን ሰዎች በወራት ውስጥ ከማሽኑ ጠባይ ጋር ማላመድ አይቻልም ነበር፤ ዐይናቸውን በቶሎ የሚይዝ ነገር ያስፈልግ ነበር። ፌበር ቢረን የተባለው የቀለም አማካሪ ከዱፖንት ኩባንያ ጋር ሆኖ የደኅንነት ቀለሞች ሥርዓት ያዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው። የሚቆርጥና የሚጨፈልቅ የማሽን ክፍል ብርቱካናማ፣ የሚያደናቅፍና የሚጥል ነገር ቢጫ፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ አረንጓዴ፣ የእሳት ማጥፊያ ቀይ፣ ለጥገና የቆመና መነካት የሌለበት መሣሪያ ሰማያዊ ተቀባ። በ1945 ይህን የመሰለ ሥርዓት የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። በ1970 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ቀይንና ቢጫን በደንቡ ውስጥ አስገባቸው። ቀለሙ ጥሩ እንደሠራ እቀበላለሁ። ነገር ግን የቢረን ቀለሞች የሚቀቡት በሚታይ አደጋ ላይ እንደነበር ልብ ይሏል። ብርቱካናማ የተቀባ ጥርስ ያለው ማሽን ምንነቱን ራሱ ይናገራል፤ ቀለሙ «እዚህ ጋ ተመልከት» ብቻ ነው የሚለው። ቧንቧ ግን አደጋውን ይደብቃል፤ ቢጫ የተቀባ ቧንቧ አደገኛ መሆኑን ያሳውቅ እንጂ ክሎሪን ይሁን አሞኒያ፣ ውኃ ይረጭበት ወይስ አይረጭበት አይናገርም። ለዕቃ የሠራው ዘዴ ለዕቃው ሆድ ዕቃ አይሠራም።

የአሜሪካው የቧንቧ ደረጃ ይህን ክፍተት በ1956ቱ እትም በግልጽ ዘግቶታል። የቧንቧው ይዘት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ስሙ በፊደል ሲጻፍበት ነው፤ ቀለሙ አጋዥ ነው። ከዚህ በኋላ የተጻፉት ደንቦች ወደ ዝርዝሩ ሲገቡ ምን ያህል እንደተጨነቁበት ማየት ይቻላል። ከ6 እስከ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ላለው ቧንቧ ፊደሉ 32 ሚሊሜትር ቁመት፣ ፊደሉ የሚያርፍበት የቀለም መደብ ደግሞ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት እንዲኖረው ያዛሉ፤ ከ25 ሳንቲሜትር በላይ ለሚወፍረው ፊደሉ ወደ 9 ሳንቲሜትር፣ መደቡ ወደ 81 ሳንቲሜትር ያድጋል። ጽሑፉ በየቫልቩ አጠገብ፣ ቧንቧው በሚታጠፍበት፣ ግድግዳ ወይም ወለል በሚበሳበት በሁለቱም ወገን ይደረጋል፤ ፈሳሹ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስትም ይጨመራል። ቧንቧው ከጭንቅላት በላይ ከሆነ ጽሑፉ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ይለጠፋል፤ ከታች ሆኖ አንገቱን ቀና የሚያደርገው ሰው እንዲያነበው። የ2007ቱ እትም ደግሞ ቀለሞቹን ስድስት አደረጋቸው፦ ለእሳት ማጥፊያ ነጭ ጽሑፍ በቀይ፣ ለመርዛማና ቆዳ ወይም ብረት ለሚሸረሽር ነገር ጥቁር በብርቱካናማ፣ በቀላሉ ለሚቀጣጠል ጥቁር በቢጫ፣ ሊነድ ለሚችል ነጭ በቡናማ፣ ለውኃ ነጭ በአረንጓዴ፣ ለታመቀ አየር ነጭ በሰማያዊ። በእያንዳንዱ ጥንድ የጽሑፉ ቀለም ከመደቡ ጋር አብሮ መደንገጉ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ጽሑፍ የሌለበት መደብ ያልተጠናቀቀ ምልክት ነው ማለት ነው።

የቀለም ስምምነት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ የሚያሳየው ሌላው ታሪክ የጋዝ ሲሊንደሮች ታሪክ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደር አረንጓዴ ነው፤ በድሮው የጀርመን ደንብ አረንጓዴ ሲሊንደር ናይትሮጅን ነበር። አንዱ ሕይወት ይሰጣል፣ ሌላው ብቻውን ከተተነፈሰ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። አውሮፓውያን ይህን መለያየት ለመጨረስ በ1997 የጋራ ደረጃ አወጡና እስከ 2006 ድረስ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጡ። በአዲሱ ደንብ የኦክስጅን ሲሊንደር ትከሻ ነጭ፣ የናይትሮጅን ጥቁር ሆነ። በእንግሊዝ ግን ጥቁር ሲሊንደር ለብዙ ዘመን ኦክስጅን ነበር፤ ናይትሮጅን ደግሞ ግራጫ። ስለዚህ በመሸጋገሪያው ዓመታት ሁለት ጥቁር ሲሊንደሮች በአንድ መጋዘን ጎን ለጎን ቆመው አንዱ በአሮጌው ደንብ ኦክስጅን፣ ሌላው በአዲሱ ደንብ ናይትሮጅን ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ደረጃ አውጪዎቹ ለዚህ ያገኙት መላ በአዲሱ ደንብ በተቀባው ሲሊንደር ትከሻ ላይ ግራና ቀኝ «ኤን» የተባለችውን የላቲን ፊደል መጻፍ ነበር፤ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም በጀርመንኛም «አዲስ» የሚለው ቃል የሚጀምረው በእሷ ነውና። ቀለምን ለማስታረቅ የተነሣ ሥራ በመጨረሻ የተማጠነው ፊደልን መሆኑን አንባቢ ያስተውል። በሆስፒታል ግድግዳ ላይ ያለው የጋዝ መውጫ ደግሞ እስከ ዛሬ አልታረቀም፤ በዓለም አቀፉ ደንብ ነጭ ኦክስጅን ሲሆን በአሜሪካ ነጭ መምጠጫ ነው፣ ቢጫ በዓለም አቀፉ መምጠጫ ሲሆን በአሜሪካ የሕክምና አየር ነው።

«ጽሑፍስ ራሱ አያሳስትም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልክ ነው፤ ያሳስታል። በታኅሣሥ 2000 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የደረሰው አደጋ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከመጡት የሕክምና ኦክስጅን መያዣዎች መካከል በስሕተት የኢንዱስትሪ ናይትሮጅን የያዘ አንድ መያዣ ነበረበት። በላዩ የናይትሮጅንም የኦክስጅንም ምልክት ተለጥፎበት ነበር። ኦክስጅን እያለቀበት የነበረው ሠራተኛ ይህን መያዣ ሊያያይዝ ሲል መጋጠሚያው እምቢ አለው፤ እንዲያ ተደርጎ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ሠራተኛው ግን ካለቀው የኦክስጅን መያዣ ላይ መጋጠሚያውን ፈትቶ ናይትሮጅኑ ላይ አሰረው። አራት ሰዎች ሞቱ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጽሑፍ ከንቱ ነው የሚል አይሆንም። እርስ በርሱ የሚጋጭ ጽሑፍ ከቀለም አይሻልም፤ ሦስተኛው ጠባቂ፣ ማለትም የማይገጥመው መጋጠሚያ፣ «ተው» ብሎ እየተናገረ ሳለ ንግግሩን የሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው መገኘት አለበት። ይህን ጠባቂ የአገራችን የብየዳ ባለሙያዎች በእጃቸው ያውቁታል። የአሲቲሊን መጋጠሚያ በግራ ይጠብቃል፣ የኦክስጅኑ በቀኝ፤ ቀለሙ ተልጦ ሲሊንደሩ ዝጎ እንኳ እጅ አይሳሳትም። በማደንዘዣ መሣሪያዎች ላይም ከ1950ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱ ጋዝ የየራሱ የፒን አቀማመጥ አለው፤ የአንዱ ሲሊንደር በሌላው ቦታ አይቀመጥም።

ሦስቱም ጠባቂዎች ሲላሉ ምን እንደሚሆን ለማየት ጥቅምት 21 ቀን 2016 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ አቺሰን በተባለች ከተማ የሆነውን መመልከት በቂ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ ቦቴ ወደ አንድ ፋብሪካ ገባ። የአሲዱ መቀበያና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ በተለመደ ስሙ የበረኪና፣ መቀበያ 45 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው ነበር። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ምልክታቸው ግልጽ አልነበረም፣ መጋጠሚያቸውም አንድ ዓይነት ነበር፤ የበረኪናው መቀበያ ቁልፍም ተከፍቶ ነበር። አሽከርካሪው ቱቦውን ከበረኪናው ጋር አገናኘ። በፋብሪካው የበረኪና ታንከር ውስጥ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የያዘ አረንጓዴ ቢጫ ደመና ተነሥቶ ወደ ከተማው ነፈሰ፤ ከ140 በላይ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት መርማሪ ቦርድ ባወጣው ዘገባ ላይ ያተኮረው በአሽከርካሪው ጥፋት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ስሕተትን ቀላል ባደረገው አሠራር ላይ ነበር። ሁለት ቀለም ቢቀቡ ኖሮ ይረዳ ነበር? ምናልባት። ግን የቀለሙን ትርጉም የሚያውቀው የፋብሪካው ሰው እንጂ ከውጭ የመጣው አሽከርካሪ አልነበረም። ስሙ በጉልህ ቢጻፍና የአንዱ መጋጠሚያ ለሌላው ባይሆን ኖሮ፣ የግቢውን ቋንቋ የማያውቀውም ሰው ይጠበቅ ነበር።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚሉ ነባር ሠራተኞች በየፋብሪካው አሉ። ሃያ ዓመት የኖሩበትን ግቢ ጨለማ ውስጥ እንኳ ይራመዱታል፤ ምልክት ሁሉ ለእነሱ ጌጥ ነው። የዚህ ክርክር ድካሙ በአቺሰን ታይቷል፦ አደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ግቢውን በማያውቀው ሰው እጅ ወይም በእሱ ላይ ነው። ጫኝና አውራጅ፣ የኮንትራት ጠጋኝ፣ ሌሊት የተጠራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረ ልጅ፤ ምልክት የሚጻፈው ለእነዚህ ነው። ነባሩም ቢሆን በዐይኑ ላይ ያለው እምነት ወሰን አለው። በ1875 በስዊድን ላገርሉንዳ ባቡሮች ተጋጭተው ዘጠኝ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የኡፕሳላው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን ለአደጋው የቀለም ዕውርነት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ፤ የባቡር ሠራተኞችንም ባለቀለም የሱፍ ክር እያስመረጠ መፈተን ጀመረ። የአደጋው መንስዔ እሱ ያለው ስለመሆኑ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ተጠራጥረዋል፤ የፈተናው ተገቢነት ግን ጸንቶ ቀረ። መነሻቸው ሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን በመለየት ይቸገራሉ፤ በአፍሪካ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ዐይኑ ጤነኛ የሆነውም በአንድ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ብቻ በሚያበራው ዝቅተኛ ግፊት የሶዲየም መብራት ሥር ቀዩን ከቡናማው አይለይም። ጽሑፍ ግን በዚያው መብራት ሥር ይነበባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ማንበብ ስለማይችለው ሠራተኛ የሚነሣው ነው። ለእኛም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከአንድ ምንጭ አልመጡም፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 የተከፈተው በሆላንድ ኩባንያ ነው፣ በ1967 ሥራ የጀመረውና በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ የነበረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የሶቪየት ኅብረት እጅ ነበረበት፣ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በምሥራቅ ጀርመን መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የቻይና፣ የሕንድ፣ የቱርክና የጣሊያን ተካዮች መጥተዋል። ሆስፒታሎቻችን በእርዳታም በግዢም የሚያገኙት መሣሪያ እንዲሁ ከየአገሩ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሲመጣ የአገሩን የቀለም ልማድና የአገሩን ፊደል ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነው ቀለም ይሻላል የሚሉት፤ የውጭ ቋንቋ ለማያነብ ሰው ቀለም ይናገራል ብለው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የቀለሙም ቋንቋ የውጭ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የማያነብ ሰው ቢያንስ እንደማያነብ ያውቃል፤ ይጠይቃል። ቀዩን ቧንቧ ያየ ሰው ግን ያወቀ ይመስለዋል፤ አይጠይቅም። መፍትሔው ጽሑፉን ትቶ ወደ ቀለም መሸሽ ሳይሆን ጽሑፉን ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ማድረግ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረውም የአደጋውን ዓይነት የሚያሳይ ሥዕል መጨመር ይቻላል። ወጪው ይበዛል የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። ተለጣፊ ምልክት ከፓምፑ፣ ከቫልቩና ከሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ ፋብሪካ የሚመራ፣ ሆስፒታል የሚያስተዳድር ወይም አዲስ ተክል የሚረከብ ሰው ከቀለም ቀቢው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ። የግቢው ቀለሞች የየትኛውን ደረጃ ትርጉም እንደያዙ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቅሏል ወይ? በየቫልቩና በየመቀበያው አጠገብ የፈሳሹ ስምና አቅጣጫው ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ አለ ወይ? አብረው ሊገናኙ የማይገባቸው ነገሮች መጋጠሚያቸው እርስ በርስ እንዳይገጥም ተደርጓል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ርክክቡ አይፈረም። ከተለያየ አገር መሣሪያ የሚገዛ አገርም አንድ ደረጃ መርጦ በግዢ ውሉ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ተካዩ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ቧንቧውን ይዞ የሚቀረው ሠራተኛው ነውና።